የማያስነጥሰው ውሻ

ግባ፣ ግባ ባሕሩ! በር ላይ ምን ያስቆምሃል? ጫማህን ተወው፣ አታውልቅ፤ እዚህ ቤት ጫማ የሚወለቅለት ካርፔት የለም። ድሮ ነበረ። እንዴት ነህ? ልጅህ ሊዲስ ደህና ናት? ፒያኖ ትምህርት ላይ? ጎሽ፣ ትማር። መንገዱ እንዴት ነበር፣ 225 አውራ ጎዳናው ያው እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል? ትናንት የጣለው በረዶ ደግሞ ይኸው ዛሬ ውሃ ሆኖ ዋለ። የዴንቨር ነገር! ጠዋት ካፖርት፣ ከሰዓት ቲሸርት።

ቁጭ በል፣ ሻይ አፍልቻለሁ። እማዬ ልብሷን እያስተካከለች ስለሆነ ትንሽ ታገሣት። ዳሌዋን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ከአልጋ ተነሥቶ መራመጃውን፣ ዎከሩን መያዝ እንኳ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንመጣለን ብላችሁ ከደወላችሁ ጀምሮ እኮ እንቅልፍ የላትም። ከማለዳ ጀምራ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ አሁን ደግሞ ሻሿ ጠመመብኝ ብላ እንደገና እያሰረችው ነው።

ብቻህን ነህ እንዴ?

እ… መኪናህን በመስኮት አየሁት፤ ሞተሩ አልጠፋም። ገባኝ፣ ገባኝ! ኦሊቨር ነው ውስጥ ያለው፣ አይደል? ውሻው። ብርድ እንዳይመታው ነዋ፣ ደግ አድርገሃል። ሹራቡን ለብሷል? ከፊት ወንበር ላይ ሁለት ጭንቅላት የታየኝ መስሎኝ ነበር… ዓይኔ ይሆናል። መነጽር ቀይሪ ካሉኝ ቆይቷል። ሰው ቢሆንማ ይወጣ ነበር። ከሆስፒታል የወጣች አሮጊት ልጠይቅ ብሎ እዚህ ድረስ የመጣ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል? አትመልስልኝ፣ ዝም ብዬ ነው። ስኳሩ ይኸውልህ።

እማዬ እስክትጨርስ አንድ ነገር ላጫውትህ። አንዲት ሴት አለች… አታውቃትም። አብረሃት ብትውል ብታድርም አታውቃትም። ስሟ ምን ያደርግልሃል፣ አውሮራ ትልቅ ከተማ ነው፤ ስንት ሴት አለ መሰለህ።

እንዴት ያለች ጎበዝ ሴት ናት! እንከን አይወጣላትም። ስትጀምር እዚሁ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እየጠበቀች፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ነበር፤ አሁን ሳውዝላንድስ ማዶ ቤት ሠራች። ጋራዡ ብቻ ከዚህ አፓርትመንት ይሰፋል። ሠርታ ነው፣ ማን ይቀናባታል? እኔማ ደስ ነው ያለኝ። ቤቱ ሲመረቅ ያን ሁሉ ሽንኩርት የከተፍኩት እኔ አይደለሁ… ማለቴ፣ ታላቅ እህት አለቻት፣ የከተፈችላት እሷ ናት።

እናትም አላት። እናትየው ከታላቂቱ ጋር እዚሁ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ነው የሚኖሩት፣ ሁለተኛ ፎቅ። አዎ፣ እንደዚህ ያለ አፓርትመንት ውስጥ፤ ሁሉም ይመሳሰላል እኮ። ታላቂቱ ቀኑን ሙሉ የፈረንጅ ሽማግሌ ስታጥብና ስታገላብጥ ትውላለች፤ አሮጊቷ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ቋንቋ የለ፣ መኪና የለ። ጎረቤት ቤት ሲለቅ ጥሏት የሄደውን አንዲት ድመት በራቸው ላይ ስታለቅስ አገኙና አስገቧት። ውሮ ይሏታል። ጭናቸው ላይ አስተኝተው ያወሯታል፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከማን በመሬት እንደተካሰሰ፣ ሁሉንም። ድመቷ ሰዓቴ ሄደ ሳትል ታዳምጣለች። ከወለዷቸው ሁሉ የተሻለች አድማጭ እሷ ነበረች፤ ታላቂቱንም ጨምረህ።

ታዲያ ያቺን ጎበዝ ሴት አለርጂ ያዛት። መቼ? ቤቱን ከሠራች በኋላ! ልጅ ሆና አገር ቤት ከድመት ጋር አንድ ብርድ ልብስ ስር ነበር የምትተኛው፤ አንድም ቀን አላስነጠሰችም። ግን ሰው ካደገም በኋላ ይይዘዋል አሉ፤ ይይዛል፣ አልከራከርም። «ፀጉር ያለው እንስሳ ሁሉ አይሆነኝም» አለች። ሁሉ ነው ያለችው፣ ልብ በልልኝ። ዓይኔ ያብጣል፣ ደረቴ ይዘጋል አለች። ሐኪም መርምሯት ነው ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፣ እሷን የመሰለ ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል? እንኳን ቤት ልትገባ፣ ደረጃው ላይ ገና እግሯን ስታነሣ ነው አፍንጫዋን የምትይዘው። ደረጃው ላይ ያለው የጎረቤት የዘይት ሽታ ነው፣ ድመት የለም። ግን ደካማ ሰው ምኑን ይለየዋል…

እናትየው አመኗት። እናት አይደሉ? አንድ ነጠላ ለብቻው አጥበው በላስቲክ አሸጉ። ያን ነጠላ እሷን ለሚያገኙባት ለእሑድ ቅዳሴ ካልሆነ አይነኩትም። ቤት ውስጥ ቢለብሱት የድመት ፀጉር ይይዝበታላ፤ ስለዚህ መኪና ውስጥ ሆነው ነው የሚደርቡት። ቀሚሳቸውን ደግሞ በዚያች በምታጣብቅ የወረቀት ጥቅልል ከላይ እስከ ታች ሲያሽከረክሩ፣ ሲልጡ፣ እንደገና ሲያሽከረክሩ! ታላቂቱ መሪዋን ይዛ ትጠብቃለች፣ ቅዳሴው ይገባል። እንደዚያ ሆነው ሄደው፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ልጃቸውን ሲያዩ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ራቅ ብለው ይቆሙና እጃቸውን ስመው በአየር ይልኩላታል። በአየር! «ላላስነጥሳት ብዬ ነው» ይላሉ። እሷም የተማረች ሴት ናት፣ ርቀቷን ትጠብቃለች። ከጤና የሚበልጥ ምን አለ?

ጠጣ እንጂ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ አሮጊቷ ራሳቸው «ይቺን ድመት ውሰዱልኝ» አሉ። ልጄ ደጄን ትርገጥልኝ ብለው። ወልደየስ የሚባል የታላቂቱ የሥራ ባልደረባ ሞንትቤሎ ሰፈር፣ ቤቱ ወሰዳት፤ ግቢ አለው፣ ደግ ሰው ነው። ካርቶን ውስጥ ሲያስገቧት ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው ያሏትን ልንገርህ? «አይዞሽ ውሮ፣ እኔም ልጄን ላገኝ ነው» አሏት።

ከዚያማ ካርፔቱ ተነቀለ። ግድግዳው ታጠበ። ሶፋው ወጥቶ ተጣለ፤ ይሄ የተቀመጥክበት አዲስ ነው… ማለቴ፣ እነሱም የገዙት እንደዚህ ያለ ነው፣ አንድ ቦታ ሳንገዛ አልቀረንም። መጣች? አሁንማ ትመጣለች ብለህ ነው። «የድመት ነገር ግድግዳ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል» ብላ አንብባለች። ታላቂቱ ጠየቀች፣ እውነት ነው፣ ይቀመጣል። ደህና፣ ወራቱ ይለፍ ተባለ። አሮጊቷ ያለ ድመት፣ ያለ ልጅ፣ ባዶ ወለል እያዩ ወራቱን ቆጠሩ። ወራቱም አለፈ። ሲያልፍ ያቺ ሴት ምን አደረገች?

ውሻ ገዛች።

አትሳቅ! ውሻ ስልህ የግቢ ውሻ እንዳይመስልህ። ዘር ያለው፣ ፀጉሩ እንደ ሕፃን ልጅ የተጠቀለለ፣ የራሱ ፀጉር ቤት ቀጠሮ ያለው። ሃይፖአለርጀኒክ ነው ትላለች። መጀመሪያ ስሰማው የደም ግፊት መድኃኒት መስሎኝ ነበር። ለካ የማያስነጥስ ዘር ማለት ነው። አየህ ዕውቀት! እኛ ውሻን በጥበቃው ስንመርጥ ኖረን፣ ለካ ባለቤቱን ባለማስነጠሱ ነበር መምረጥ የነበረብን።

እኔ ደግሞ ነገር መጠየቅ አመሌ ነው። ሥራ ቦታ ስምረት የምትባል ነርስ አለች፣ ጠየቅኳት። ጨርሶ የማያስነጥስ ዘር የለም አለችኝ። ነገሩ ያለው ምራቁና ከቆዳው የሚረግፈው ላይ ነው፣ ፀጉሩ ተሸካሚ ነው አለች። እንግዲህ ያ ውሻ የዚያችን ሴት አፏን፣ አፍንጫዋን፣ ቅንድቧን ሳይቀር ሲልሳት በቪዲዮ አይቻለሁ። አንዴ እንኳ አላስነጠሳትም፣ ተመስገን ነው! ስምረትንም አላመንኳት። ነርስ ምን ታውቃለች? የሚያውቀው የሸጠው ሰው ነው።

ደግሞ ስምረት ሰው ድመት እያስነጠሰው ከውሻ ጋር ደህና ሊሆን ይችላል አለችኝ። እሱን ስሰማ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ምነው ሰው በከንቱ ጠረጠርኩ ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ወቅሼ ሳልጨርስ አንድ ፎቶ አየሁ። የአለቃዋ ቤት ግብዣ ነው፣ ተራራው ላይ፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያህል ቤት። ሶፋ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ጭኗ ላይ ምን ተጋድሟል መሰለህ? ድመት! ነጭ፣ ፀጉራም፣ ጭራው ክንድ የሚያክል። እጇ ጀርባው ላይ ነው። ዓይኗ አላበጠም፣ አፍንጫዋ አልቀላም፤ እንዲያውም እንደዚያን ቀን አምሮባት አያውቅም።

ያም ድመት የማያስነጥስ ዘር ይሆናል። ተራራ ላይ ያደገ ድመት ምን በወጣው! የሚያስነጥሰው የፒዮሪያ ድመት ነው። እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው አለርጂ ነው ባሕሩ? አድራሻ ሳይጠይቅ አይነሣም። ታላቂቱ ፎቶውን ለእናትየው አላሳየችም። ብታሳያቸው የሚያዝኑ እንዳይመስልህ፣ «ልጄ ዳነችልኝ!» ብለው ስእለት ነው የሚያገቡት።

መንፈሳዊም ናት ደግሞ፣ እሱን እንዳልዘነጋ። ንስሐ አባቷ ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። ውሻው ሳሎን መሐል ተዘርግቷል፣ እሳቸው በር ላይ ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ውሻውን ያስወጣል። እሷ ግን ምን አለቻቸው? «ግቡ አባቴ፣ ግድ የለም፣ ይሄ እንደ ሌላው ውሻ አይደለም፣ ሃይፖአለርጀኒክ ነው»! ምስኪን፣ ትንሽ አሰቡና «እኔ መቼ አስነጠሰኝ አልኩሽ ልጄ» ብለው ጸበሉን ከደጅ ረጭተው ሄዱ። ታሪኩን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በእሳቸው እየሳቀች። አባ ዘመኑ አልገባቸውም ብላ።

አንድ ቀን ውሻው አስነጠሰ። እሱ! ሥራዋን ጥላ እየበረረች ሐኪም ዘንድ አደረሰችው። ደግ ልብ አላት፣ ነገሩን ሁሉ ከልቧ ነው የምታደርገው። እናቷ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ጊዜም እኮ ዝም አላለችም። አበባ ላከች! ያማረ፣ ትልቅ አበባ። አልጋቸው አጠገብ የተኛችው በሽተኛ አለርጂ ስላለባት ነርሷ ከክፍል አወጣችው እንጂ፣ መላኩንስ ልካለች። ራሷ ያልመጣችበት ምክንያት ደግሞ አላት። ሆስፒታሉ ውስጥ ድመት ኖሮ አይደለም፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አልጋው ስርም አይቻለሁ፣ የለም። ኦሊቨር ብቻውን ሲቀር ይጨንቀዋል አለች። ብቻውን መቅረት አይችልም። መቼም ብቻውን ሲቀር የሚጨንቀው ፍጡር ያሳዝናል…

አቤት እማዬ! … አዎ፣ ባሕሩ ነው! … መጣ፣ መጣ! … እእ፣ ፓርኪንግ ነው፣ አዎ! እየፈለገች ነው!

ሰማሃት? «እሷስ ፓርኪንግ አጥታ ነው?» አለችኝ። ምክንያቱንም ራሷ ናት የምትፈልግላት። እንኳን ሌላ ሰው እንዳይወቅሳት፣ እኔ እንኳ እንዳልወቅሳት ቀድማ ትሸፍንላታለች። ደግሞ ምን እያለችኝ ነው የዋለች መሰለህ? «ቤቱ ካልተስማማት እኔ ልውረድላት፣ ዎከሬን አቀብይኝ»። ያን ደረጃ! ዳሌዋ በብረት ተይዞ፣ በረዶ ቀልጦ ደረጃው ውሃ ሆኖ! ልጇን ላለማስነጠስ ልትሰበር!

አሁን ጨዋታ የለም ባሕሩ። ተናድጃለሁ። እማዬ ያቺን ድመት ከሰጠች በኋላ ቀን ቀን ከማን ጋር እንደምታወራ ታውቃለህ? ከቴሌቪዥኑ ጋር። በማታውቀው ቋንቋ። ይኼ ሁሉ ለምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ድመትም የለበትም፣ ውሻም የለበትም። ይሄን ደረጃ መውጣት ነው የሚያሳፍራት።

…ተወኝ፣ ይቅርታ። አንተ ምን አደረግክ? «ይቺ አልጣሽ ምላሷ ረዘመ» ትሉኛላችሁ፣ ነውር ነው። በል ግባና ሳማት። ጠጋ ብለህ፣ ግራ ቀኝ አድርገህ ሳማት። የለበሰችውን ነጠላ ስታይ ግን ምንም አትበል። ከላስቲኩ ያወጣችው ዛሬ ጠዋት ነው።

…

ወጣህ? ምነው ቶሎ? ዓይንህ ቀላ እንዴ… አለርጂ እንዳይሆን! ምን አለችህ? አውቀዋለሁ፣ «ልጄን እንዳትቆጣት» ብላሃለች። አልተሳሳትኩም።

ስልክህ ይጮኻል። አንሣው፣ አንሣው፣ እኔ አልሰማህም።

እ? … ኦሊቨር ሽንቱ መጣ? ወይ ጉድ! ታዲያ ይውረዳ፣ ሣሩ ያው ከመስኮቱ ስር ነው። ማን ያወርደዋል ግን፣ በሩን ራሱ ይከፍታል? … ና፣ ና ወዲህ፣ በመስኮት እይ። ተከፈተ! ሰው ነበረ ለካ! ሰው ወረደ ባሕሩ! ጫማውን አየኸው፣ ምን ያምራል! እኔ ደግሞ ውሻው ብቻ መስሎኝ…

ዝም በል። እማዬ የመኪናውን በር ድምፅ ሰምታለች። ሰማሃት? «መጣች! መጣች!» እያለች ነው። ይኸው በበሯ ትታያለች፣ የክፍሏን መስኮት ይዛ ቆማለች፣ ዎከሩን ጥላዋለች። እግዜር ያሳይህ፣ እጇን እያውለበለበችላት ነው። ከመስታወቱ ጀርባ። በአየር እየሳመቻት ነው…

እሷስ? ሣሩን ነው የምታየው። ሽንት ብቻ አልነበረም ለካ፣ ላስቲኳን አወጣች። ጎንበስ አለች… ለቀመችለት። በእጇ። እንዴት ያለ ፍቅር ነው! ቀና በይ እንጂ። አንዴ ቀና በይ፣ ምን አለበት? ሁለተኛው ፎቅ ሰማይ ቤት አይደለም…

መዳፉን ጠረገችለት። አስገባችው። ገባች። ዘጋችው።

አይ እማዬ! … አይደለም፣ እየወጣች አይደለም! … ሌላ ሴት ናት! የጎረቤት እንግዳ ናት፣ ውሻ ያላት! ተቀመጪ፣ መጣሁ!

በል ሂድ ባሕሩ፣ አታስቆማት፣ ብቻውን መቅረት የሚጨንቀው አለ። አልተጣላሁም፣ ምን አጣላኝ? እኔ በማንም ላይ ክፉ አስቤ አላውቅም። ያቺን ያጫወትኩህን ሴት ምናልባት ካገኘሃት፣ ታላቅ እህትሽ መርቃሻለች በልልኝ። ሳትቀንስ ንገራት፦

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጣት። ፀጉሯ ይሸብት፣ ጥርሷ ይርገፍ፣ የልጅ ልጅ ትይ። ልጇን ሊዲን ያሳድግላት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። ሊዲ ትማር፣ ትክበር፣ ከእናቷ ቤት የሚበልጥ ቤት ይኑራት። እናቷንም ትውደዳት፤ እናቷ እናቷን የወደደችውን ያህል፣ ሳታጎድል ሳትጨምር። አርጅታ አልጋ ላይ የዋለች ቀን ደግሞ፣ ሊዲ ከየትም ከየትም ነድታ እስከ ደጃፏ ድረስ ትምጣላት።

አሜን በል እንጂ ባሕሩ።